ጉሙና ተራራው
አነስተኛ አውሮፕላን በክፉ አየር ለምን ይጠፋል? የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?



የእርዳታ ሥራ ከመኪና መንገድ እየራቀ በሄደ ቁጥር አውሮፕላን የግድ ያስፈልጋል። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስለምትገኝ እህሉም መድኃኒቱም ወደ ጌዴኦ የሚመጣው በጭነት መኪና ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ በተፈናቀለ ጊዜም መኪናው ዋነኛ ረዳታችን ነበር። ይሁን እንጂ ከየአጥቢያው ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ሌሎች የጠረፍ ቦታዎች ለአገልግሎት የሚሄዱ አሉ። በዝናብ ወራት ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲቆረጥ ሠራተኛውን፣ በሽተኛውንና ክትባቱን የሚያደርሰው አነስተኛ አውሮፕላን ነው።

አውሮፕላኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ሲቀር ግን ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። «እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቷል፤ አብራሪው ለምን ፈራ?» ይባላል። ይህን ቅሬታ አቅልለን አናየውም፤ የሚጠብቀው ሰው በእውነት ችግር ላይ ነውና። ስለዚህ አውሮፕላን በክፉ አየር እንዴት እንደሚጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ ፍለጋው ለምን እንደሚከብድ፣ በመሬት ላይ ያለን ሰዎችም ምን ማድረግ እንደሚገባን በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን። መነሻችን በአገራችን የደረሰ እውነተኛ አደጋ ነው።

የነሐሴ 1981 ጉዞ

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1989) አንዲት ባለሁለት ሞተር ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሣች። አውሮፕላኗ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት ነበረች። ጉዞዋ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ሲሆን፣ በዚያ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ተጠልለው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ያለ ወላጅ በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ ብዙ ልጆች ይገኙ ነበር። በአውሮፕላኗ ውስጥ 9 አሜሪካውያንና 7 ኢትዮጵያውያን፣ በጠቅላላው 16 ሰዎች ተሳፍረዋል።

ከአሜሪካውያኑ አንዱ ከቴክሳስ፣ ከሂውስተን ከተማ የተመረጡት የምክር ቤት አባል ሚኪ ሊላንድ ናቸው። ሊላንድ ለአገራችን እንግዳ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ረሃብ ልዩ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀ መንበር ሆነው ተሰየሙ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም ለአፍሪካ 800 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ በሕግ እንዲፈቀድ ከደከሙት ዋነኞች አንዱ ነበሩ። በነሐሴ 1981ም የመጡት ስደተኞቹ የሚኖሩበትን ሁኔታ በዓይናቸው ለማየት ነበር።

አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም። ወሩ የክረምት እኩሌታ ነው፤ የምዕራቡን ደጋ ደመናና ዝናብ ይዞታል። ፍለጋው 6 ቀን ፈጀ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት ግንኙነት የቀዘቀዘ ቢሆንም፣ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ገብተው ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከአንድ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ። ከ16ቱ መንገደኞች አንድም የተረፈ አልነበረም።

የዓለም ጋዜጦች ስለ ሊላንድ ብዙ ጻፉ፤ ይገባቸዋልም። መንታ ወንዶች ልጆቻቸው የተወለዱት እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ስለ 7ቱ ኢትዮጵያውያን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እነርሱም ማታ ይመለሳሉ ብሎ የሚጠብቃቸው ቤተ ሰብ ነበራቸው። በእርዳታ በረራ ላይ ከእንግዳው ጎን ሁልጊዜ አብራሪ፣ አስተርጓሚና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለ። በረራውን ስለማስቀረት ስንነጋገር ስለ እነዚህም ሕይወት መነጋገራችን ነው።

ደመናው የሚወፍረው ተራራው ባለበት ነው

ትዊን ኦተር ደካማ አውሮፕላን አይደለችም። በካናዳ የተሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረች፣ እስከ 19 መንገደኛ የምትይዝ፣ ባልተነጠፈና በአጭር ሜዳ ላይ የምትነሣና የምታርፍ ናት። እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ትሠራለች። እንግዲህ ክፉ አየር እንዲህ ያለችውን ብርቱ አውሮፕላን እንኳ የሚያጠፋ ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይገባናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የሚወስደውን መንገድ እናስብ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጋምቤላ ቆላ ከ600 ሜትር በታች ነው። በመካከሉ የወለጋና የኢሉባቦር ደጋ ተዘርግቷል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ ከደጋው ጋር ሲገናኝ ሽቅብ ይገፋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ያዘለው እርጥበት ደመና ይሆናል። ስለዚህ ደመናው ከሁሉ ይልቅ የሚወፍረው አብራሪው አጥርቶ ማየት በሚያስፈልገው ቦታ፣ ማለትም ተራራው ባለበት ነው።

ይህን ለጌዴኦ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ከአባያ ሐይቅ ወገን፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ የተነሣ መንገደኛ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ዲላን አልፎ ቡሌ ሲደርስ 2,800 ሜትር ያህል ወጥቷል። ዲላ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ቡሌ ላይ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ያለው እንሰትና ቀርከሃ እንኳ የማይታይበት ጠዋት አለ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጉም ሲያጋጥመው እርምጃውን ያሳጥራል፤ ከባሰም ይቆማል። የመኪና ነጂም መብራት አብርቶ ጥግ ይይዛል። አውሮፕላን ግን መቆም አይችልም፤ በአየር ላይ የሚያቆየው ፍጥነቱ ነውና።

ሂሳቡን እንመልከት። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ቢበር በደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ከዲላ ሰማይ እስከ ቡሌ ሰማይ 10 ደቂቃ አይሞላም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መሬቱ ከሥሩ 1,300 ሜትር ያህል ይነሣል። ጉሙ የሚያሳየው 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ አብራሪው ተራራውን ካየበት ጊዜ ጀምሮ ያለው 13 ሰከንድ ነው።

ታዲያ ከደመናው በላይ ለምን አይበርም? ይበራል፤ በተራራማ አገር በመሣሪያ የሚበር አብራሪ በመንገዱ ካለው ከፍተኛ ቦታ በላይ ቢያንስ 600 ሜትር ያህል ርቆ እንዲያልፍ ይፈለግበታል። ችግሩ የሚመጣው በሚወርድበት ጊዜ ነው። በትልልቅ ማረፊያዎች በደመና ውስጥ እየመራ የሚያወርድ የራዲዮ መሣሪያ አለ። በገጠር የማረፊያ ሜዳ ላይ ግን ያለው ሣሩና የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየው ጨርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አብራሪው ወይ ቀዳዳ እስኪያገኝ መጠበቅ ወይም ከደመናው በታች በሸለቆ ውስጥ መሄድ አለበት። ሸለቆ ደግሞ ከፊት እየጠበበ፣ ከላይ ደመናው ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ዞሮ ለመመለስ የሚበቃ ስፋት የሚያጣበት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው አብራሪ ሸለቆው ሰፊ ሳለ፣ ገና ምንም አደጋ ሳይታይ የሚመለሰው። በመሬት ላይ ላለ ሰው ይህ ፍርሃት ይመስላል።

አድማስ ሲጠፋ

ሁለተኛው ምክንያት በሰው አካል ውስጥ ነው። ቀጥ ብለን መቆማችንን የምናውቀው በዓይናችን፣ በውስጥ ጆሮአችን ባለው ፈሳሽና በጡንቻችን ስሜት ነው። ዓይን አድማስን ካጣ ጆሮ ብቻውን ይቀራል፤ ጆሮ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚደረግን መዞር አይለይም። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን እያዘነበለ ሳለ አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። መሣሪያው «ዘንብለሃል» ሲለው አካሉ «አልዘነበልህም» ይለዋል። መሣሪያውን እንዲያምን በሚገባ ያልሠለጠነ ሰው አካሉን ያምናል፤ አውሮፕላኑም እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎች ከአስተማሪ ጋር እየበረሩ አድማስ እንዳያዩ ተደረገ። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። ለዚህ የወሰደው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ፣ ማለት 3 ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ነው። የጥናቱ ዓላማ ግን ማስፈራራት ሳይሆን ማስተማር ነበር። መሣሪያ እያዩ በዝግታ ዞሮ በመጡበት መመለስን ከተለማመዱ በኋላ ሁሉም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ከደመናው በሰላም ለመውጣት ቻሉ። የተማሩትም ነገር ወደፊት ለመግፋት ሳይሆን ለመመለስ የሚረዳ መሆኑን ልብ ይሏል።

በባሕር ላይ ተራራ የለም፤ ሆኖም አደጋው አለ። ጭጋግ ሲሆን ወይም ሲጨልም ውኃውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ። ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999) የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ታናሹ ጆን ኤፍ ኬኔዲ በግል አውሮፕላኑ ባለቤቱንና እህቷን አሳፍሮ በሌሊት ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ሲበር አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ። ሦስቱም ሞቱ። መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት ይኸው ነው፤ በጨለማና በጭጋግ አድማስ ጠፍቶበት አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃተው። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችል ፈቃድም አልነበረውም።

የባሕር ሐዘን ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 25 ቀን 2010) በረራ ቁጥር 409 የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በነጎድጓዳማ ሌሊት ከቤይሩት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሜዲትራኒያን ባሕር ወደቀ፤ 90 ሰዎችም አለቁ። የሊባኖስ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት መግለጫ ምክንያቱን በአውሮፕላኑ አያያዝና በአቅጣጫ መሳት ላይ ሲያደርጉ፣ አየር መንገዱ ግን አልተቀበለውም። ክርክሩን ለባለሙያዎች ትተን ለጉዳያችን የሚጠቅመውን እንውሰድ፤ ከአነስተኛው አውሮፕላን እጅግ የሚበልጥ፣ ብዙ መሣሪያ የተገጠመለት አውሮፕላን እንኳ ነጎድጓድን ሊንቅ አይችልም።

ፍለጋው ለምን ይረዝማል?

«አውሮፕላን የሚያህል ነገር እንዴት 6 ቀን ይጠፋል?» የሚል አለ። መልሱ በመጨረሻው የራዲዮ ቃል ላይ ነው። አውሮፕላኑ ድምፁን ካሰማ 15 ደቂቃ ቢያልፈው እስከ 67 ኪሎ ሜትር በየትኛውም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ይህ 14,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል መሬት ነው፤ የጌዴኦ ዞንን ስፋት 10 ጊዜ ይበልጣል። ዝምታው 30 ደቂቃ ከሆነ ስፋቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ጌዴኦን ከ40 ጊዜ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ነው በጠረፍ የሚበሩ አብራሪዎች የት እንዳሉ በየጥቂት ደቂቃው ለመሬት ጣቢያ የሚናገሩት።

በዚህ ላይ አውሮፕላኑን የጣለው ደመና ፈላጊዎቹንም ያግዳል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ደግሞ አውሮፕላን ከገባበት በኋላ ቅርንጫፉን መልሶ ይገጥማል፤ ከላይ የሚያይ ሰው አረንጓዴ ብቻ ያያል። በባሕር ላይ ሲሆን ፈላጊ የሚያየው ተንሳፋፊ ስብርባሪና የዘይት ነጠብጣብ ነው፤ ያንንም ማዕበሉ ከወደቀበት ያርቀዋል። የኬኔዲ አውሮፕላን የወደቀው ከደሴቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ ከባሕሩ ወለል ለማግኘት 4 ቀን ገደማ ወስዷል።

ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። አውሮፕላን ሲወድቅ በራሱ የሚጮኽ የራዲዮ መሣሪያ አለ፤ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት የአውሮፕላኑን ማንነት ለሳተላይት ይናገራል። ብዙ አነስተኛ አውሮፕላኖችም ያሉበትን ቦታ በየጥቂት ደቂቃው በሳተላይት የሚልክ መሣሪያ ይዘዋል። ይህ ፍለጋውን ያሳጥራል። ከውኃ በታች ግን የራዲዮ ድምፅ አይሻገርም፤ በአደጋው ጊዜ አንቴናው ከተሰበረም መሣሪያው ዝም ሊል ይችላል። ከሁሉም በላይ መሣሪያው የወደቀውን ያስገኛል እንጂ እንዳይወድቅ አያደርግም።

የእኛ ድርሻ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያነበበ ሁሉ የጳውሎስን የመርከብ ጉዞ ያስታውሳል። የጉዞው ወራት ማለፉ ታውቆ ነበር፤ ሆኖም ወደቡ ለክረምት አይመችም ተብሎ በብዙዎች ምክር መርከቧ ተነሣች። ማዕበሉ የመጣው በኋላ ነው፤ ስሕተቱ የተሠራው ግን ወደቡ ላይ፣ ለስለስ ያለ ነፋስ በነፈሰበት ሰዓት ነው። ያን ውሳኔ የወሰኑትም መርከበኞቹ ብቻ አልነበሩም። የአውሮፕላንም ነገር እንዲሁ ነው። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ብዙ ድምፅ ይሰማል፤ ከድምፆቹ አንዱ የእኛ ነው። ስለዚህ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና አውሮፕላን ለሚቀበሉ ምእመናን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የአየሩን ሁኔታ ስንጠየቅ የምናየውን ብቻ እንናገር። በአገራችን እንግዳ እንዳይቀር «ደህና ነው፣ ይምጡ» ማለት ጨዋነት ነው። በራዲዮ ወይም በስልክ ላይ ግን ይህ ጨዋነት ሊገድል ይችላል። አብራሪውን የሚረዳው «በምሥራቅ ያለው ተራራ ጫፉ አይታይም፤ በምዕራብ እስከ ወንዙ ይታያል፤ ሜዳው ረጥቧል፤ ነፋሱ ከደቡብ ነው» የሚል ቃል ነው። ካልታየን «አይታየንም» እንበል።

ሁለተኛ፣ ለመቅረቱ ሰበብ እንዲፈልግ አናስገድደው። ጉባኤ ተሰብስቦ፣ በሬ ታርዶ፣ ባለሥልጣን ተጠርቶ አውሮፕላን ሲጠበቅ አብራሪው ላይ የሚወድቀው ሸክም ከባድ ነው። በዝናብ ወራት ፕሮግራም ስናወጣ ሁለት ቀን ትርፍ እንያዝ። «አልመጣም» ሲል ምክንያት እንዲደረድር ሳንጠይቅ «እሺ፣ ነገ እንጠብቃለን» ብለን እንቀበለው።

ሦስተኛ፣ ክብደትን በእውነት እንናገር። ለሚሄድ ሰው ማርና ቅቤ፣ ቡናና በግ ማሸከም የፍቅራችን ምልክት ነው። ነገር ግን በክፉ አየር አብራሪ ዞሮ ለመመለስ ወይም ሌላ ቦታ ለማረፍ ትርፍ ነዳጅ ያስፈልገዋል። ሳይመዘን የገባ ጭነት የዚያን ነዳጅ ቦታ ይወስዳል።

አራተኛ፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጽፍ አንድ ሰው በየጣቢያው ይኑር። አውሮፕላን በተባለው ሰዓት ካልደረሰ «ምናልባት ሌላ ቦታ አርፎ ይሆናል» ብለን እስከ ማታ አንጠብቅ፤ ወዲያው እናስታውቅ። የተረፈ ሰው ካለ ሕይወቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ነው።

አምስተኛ፣ በሽተኛ ያለው ቤተ ሰብ በአውሮፕላን ተስፋ ብቻ እንዳይቆይ እንምከረው። ደመናው ካልተነሣ በቃሬዛም በበቅሎም በመኪናም መንገድ መጀመር ይሻላል። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ምክር መሆኑን እናውቃለን። አውሮፕላን ባለመምጣቱ በሽተኛ ሊሞት ይችላል፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ነገር ግን ተራራ ላይ የወደቀ አውሮፕላን በሽተኛውን ሳያድን ሌሎችን ይጨምርበታል፤ ከዚያም በኋላ በሚመጡት ወራት ያ አውሮፕላንና ያ አብራሪ ሊረዷቸው የሚችሉት ሁሉ ያለ ረዳት ይቀራሉ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በሥራ መግለጫ ላይ «በረራው በአየር ጠባይ ምክንያት 2 ቀን ዘገየ» የሚል መስመር ስታገኙ፣ የሁለት ቀን የውሎ አበልና የባከነ ነዳጅ ሒሳብም ከሥሩ ታያላችሁ። ያ ገንዘብ እንደ ጠፋ አይቆጠርብን። ስለ መንገደኞች ስትጸልዩም አብራሪው በሰላም እንዲደርስ ብቻ ሳይሆን «ዛሬ አልሄድም» ለማለት ድፍረት እንዲያገኝ፣ እኛም ያን ቃል በደስታ እንድንሰማ ጸልዩ። ፉኝዶ ላይ ይጠበቁ የነበሩትን 16 ሰዎች የምናከብርበት አንዱ መንገድ፣ ደመናው እስኪነሣ ድረስ ቆሞ መጠበቅን የሥራችን ክፍል አድርገን መቁጠር ነው።